ሜክሲኮ ላይ ያላበቃው ሩጫ

ኳስ ወዳድ ሆኖ ሜክሲኮ አደባባይን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ጨዋታ አዲስ አበባ ስታዲየም በነበረበት ዘመን፣ የመጨረሻው ፊሽካ ከተነፋ በኋላ የቀረው ስሜት የሚወጣው እዚያ መንገድ ላይ ነበር። ቡድንህ ካሸነፈ ከስታዲየም ወጥተህ በለገሃር በኩል እየጨፈርክ ሜክሲኮ ትደርሳለህ። ድምፅህ ተዘግቷል፣ ላብህ ጠብ ይላል፣ የማታውቀው ሰው ያቅፍሃል። ከተሸነፍክ ደግሞ ያንኑ መንገድ አንገትህን ደፍተህ ትሄደዋለህ። ርቀቱ አንድ ነው። ለተሸናፊ ግን ሜክሲኮ ቶሎ አትደርስም!

ከጥቂት ሳምንታት በፊት እዚያው ሜክሲኮ አንዲት ካፌ ውስጥ ከአብሮ አደጌ ጋር ማኪያቶ ይዘን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ እናይ ነበር። ስሙን አልጠራውም፣ እሱም አይፈልግም። ልደታ ነው ያደገው። ልጅ ሆነን ኳስ እግሩ ላይ ስትጣበቅ ያዩ ትልልቅ ሰዎች "ይሄ ልጅ የትም ይደርሳል" ይሉት ነበር። በአንድ ክለብ ታዳጊ ቡድን ሁለት ዓመት ተጫወተ። ወደ ዋናው ቡድን ሊያድግ ነው ሲባል አንድ ቀን ልምምድ ላይ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ከዚያ ሐኪም ቤት፣ ከዚያ ጠበል፣ እንደገና ሐኪም ቤት… ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። በቃ፣ ኳስ ለእሱ እዚያ ላይ አበቃች።

ቴሌቪዥኑ ላይ አንዱ አጥቂ ጎል አገባና ተንበርክኮ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ጓደኛዬ ስኒውን አስቀመጠ።

"ለእሱ ሰማይ ቅርብ ነው ማለት ነው?" አለኝ።

"እንዴት?"

"እኔም እኮ እጸልይ ነበር። ልደታን ሳልሳለም ጨዋታ ገብቼ አላውቅም። ጉልበቴ የተበጠሰ ቀን ጠዋትም ተሳልሜያለሁ። ታዲያ ምን ተገኘ?"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልስ አልነበረኝም። እኔ ውጤት የምዘግብ የስፖርት ጋዜጠኛ ነኝ እንጂ የሃይማኖት መምህር አይደለሁም። "አይዞህ" ብዬው አለፍኩ። እሱ ግን "አይዞህ" የሚባለውን ነገር ጠግቦታል፣ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

ተለያይተን ባቡር ስጠብቅ ዓይኔ የጣቢያው ስም ላይ አረፈ። ሜክሲኮ። ስንት ዓመት ተመላለስኩበት፣ ያን ቀን ግን ስሙ ሌላ ነገር አስታወሰኝ። ሜክሲኮ ማለት ለሻምበል አበበ ቢቂላ ያልተቻለው ሩጫ ነው።

እስቲ ነገሩን ከእግር ኳስ እንጀምረው።

ማሊያ የገለጠው ካካ

ግንቦት 15 ቀን 1999 ዓ.ም. አቴንስ ላይ የተካሄደውን የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የማያስታውስ የሚላን ደጋፊ የለም። ፊሊፖ ኢንዛጊ ሁለቴ አግብቶ ሚላን ሊቨርፑልን 2 ለ 1 ረታ፣ የኢስታንቡልን ቁስልም ሻረ። ጨዋታው ሲያልቅ ብራዚላዊው ካካ ማሊያውን አወለቀ። ከውስጥ የለበሰው ነጭ ካኔቴራ ላይ የኢየሱስ መሆኑን የሚናገር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበረ። ተንበርክኮ ዓይኑን ጨፈነ። በዚያው ዓመት የዓለም ምርጥ ተጫዋች ተባለ። (በነገራችን ላይ የእግር ኳስ ሕጉ አሁን በማሊያም ሆነ በውስጥ ልብስ ላይ የሃይማኖት ጽሑፍና ምስል ማሳየትን አይፈቅድም።)

ካካ እንዲሁ ለፎቶ ብሎ አልነበረም። ገና የ18 ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ሳኦ ፓውሎ እያለ፣ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ወድቆ የአከርካሪ አጥንቱ ተሰብሮ ነበር። ኳሱ ይቅርና መራመዱ ራሱ አጠራጥሮ ነበር። ዳነ። የዳንኩት በእግዚአብሔር ነው አለ፣ እስከ መጨረሻው ድረስም ከዚህ ቃሉ ፈቀቅ አላለም።

ደስ የሚል ታሪክ ነው። የጓደኛዬ ጥያቄ ግን የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ያልዳነውስ? አከርካሪው ተጎድቶ በዚያው የቀረውስ? እሱ ምን ብሎ ይመስክር? ማሊያ የሚገልጠው ያሸነፈ ሰው ነው። የተሸነፈ ሰው ማሊያውን በፊቱ ላይ ይሸፍንበታል እንጂ አይገልጠውም።

ያልዳነውን ሰው ፍለጋ ግን ብራዚል መሄድ አያስፈልገንም። እዚሁ ከተማችን ውስጥ በስሙ በተሰየመ ስታዲየም ስንቴ ኳስ አይተናል! አበበ ቢቂላ ስታዲየም ገብታችሁ "ዳኛ ሌባ" ስትሉ የሰውዬውን ታሪክ ስንቶቻችሁ ታስታውሳላችሁ?

ከባዶ እግር እስከ ቶኪዮ

አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወልዶ አዲስ አበባ መጥቶ ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን እጅ ገባ። ሮም ላይ የሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ልብ በሉ፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ! እዚህ ቤት ችቦ ሲበራ እዚያ ደግሞ የጣሊያን ወታደሮች ጨለማው ውስጥ ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰው። እስከዚያ ቀን ድረስ በዓለም ማንም በዚያ ፍጥነት ማራቶን ሮጦ አያውቅም። ያኔ ከአክሱም ተወስዶ ሮም በቆመው ሐውልት አጠገብ ሲያልፍ ነበር ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎት የሄደው።

አራት ዓመት ቆይቶ ቶኪዮ። ከውድድሩ በፊት ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። እኛ አገር በዚያ ጊዜ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው "ዕቃ አታንሳ" ይባላል። እሱ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ እንደገና የዓለም ፈጣን ሆነ። ሁለተኛው ሰው እስኪመጣ ከአራት ደቂቃ በላይ ነበረውና ሳሩ ላይ ተኝቶ እግሩን ያፍታታ ጀመር። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ከእሱ በፊት አልነበረም።

እስከዚህ ድረስ ያለው የካካ ታሪክ ነው። ታመመ፣ ተነሳ፣ አሸነፈ። እዚህ ላይ አቁመን "እምነት ካለ ሁሉም ይቻላል" ብለን ብንዘጋው ያምርልን ነበር። ታሪኩ ግን አላቆመም።

አንድ ዓመት፣ ሁለት ዱላ

1961 ዓ.ም. ለአበበ ክፉ ዓመት ነበረች። ጥቅምት 10 ቀን ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ለሦስተኛ ወርቅ ተነሳ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ለእኛ ልጆች እንደ ቤት ናት ማለት ነው። እግሩ ግን ታሞ ነበር። 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ አልቻለም፣ ወጣ። ሁለት ኦሎምፒክ ማንም ያልደረሰበት ሰው መንገድ ዳር ቆመ።

ማሞ ወልዴ ግን ነበረ። በዚያው ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ብር ወስዶ ስለነበር እግሩ ደክሟል። ቢሆንም ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈና ወርቁ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ሕዝቡ ተደሰተ። አበበም ቢሆን ገና 36 ዓመቱ ነው፣ እግሩ ይድናል ተባለ።

አምስት ወር ቆየ። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ ቮልስዋገን መኪናውን እየነዳ ሳለ መኪናዋ ተገለበጠች። ከውስጥ ወጥመድ ውስጥ እንደገባ ሰው ተይዞ አደረ። ያወጡት ሲነጋ ነው። የአንገቱ አጥንት ተጎድቶ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጁንም እግሩንም ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር።

እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ወደሚባለው ሆስፒታል ተላከ። እዚያ ስምንት ወር ያህል ተኛ። ከየአገሩ ደብዳቤና ካርድ ጎረፈለት። እጆቹ ቀስ በቀስ ተመለሱ። እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ሮምን በባዶው የረገጠው እግር ከዚያ ወዲያ መሬት አልረገጠም።

እስቲ ራሳችሁን እሱ ቦታ አስቀምጡ። ጓደኛዬ አንድ ጉልበት አጥቶ ነው ያቺን ጥያቄ የጠየቀኝ። ይሄ ሰው መላ ሕይወቱ እግሩ ላይ ነበር። ጮኾ "ለምን?" ቢል ማን ይፈርድበታል?

አበበ ምን አለ?

አበበ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም፣ ሰባኪም አይደለም። ስለ አደጋው ሲጠየቅ ግን የሰጠው መልስ በዓለም ዙሪያ ተጽፎ ቀርቷል። ኦሎምፒክ ያሸነፍኩት በእግዚአብሔር ፈቃድ ነበር፣ አደጋ የደረሰብኝም በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ ድሉን እንደተቀበልኩ ይህንንም ተቀብዬ በደስታ መኖር አለብኝ ነበር ያለው በአጭሩ።

ይህን አባባል ስንት ጊዜ አንብቤው አልፌያለሁ። "ጥሩ ተናገረ" ብዬ። ከጓደኛዬ ጋር ከተነጋገርን በኋላ ግን ሌላ ሆኖ ታየኝ። እኛ ብዙዎቻችን ጎል ሲገባ እግዚአብሔር ይመስገን እንላለን፣ ሲገባብን ዳኛውን እንራገማለን። አበበ ወርቁን ተቀብሎ ለአምላኩ ሰጠ፣ ዊልቸር ላይ ሲቀመጥ ደግሞ የሰጠውን ምስጋና መልሶ አልወሰደም። ነገሩ ይሄ ነው!

ልዩነት ይኖረናል፣ አውቃለሁ። አንዳንዱ "እግዚአብሔር እንዴት አደጋ ይፈቅዳል?" ይላል። እኔም ጓደኛዬን "ጉልበትህን የበጠሰው እግዚአብሔር ነው" ልለው አልደፍርም። ያንን ማለት የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው፣ አበበም የተናገረው ስለ ራሱ አካል ነው። መጽሐፍ ቅዱስም ቢሆን የጸለየ ሁሉ የፈለገውን አገኘ አይልም። ሐዋርያው ጳውሎስ ሥጋውን የሚወጋው ነገር እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፣ አልተወሰደለትም። መንገዱን ግን አላቆመም። ኢዮብንማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

አበበም አላቆመም። "ተቀበልኩ" ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሆስፒታል ውስጥ ያልቅ ነበር። ስቶክ ማንዴቪል የአከርካሪ ጉዳተኞችን በስፖርት ማከም የተጀመረበት ቦታ ነው። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1948 እዚያ የጀመሩት የዊልቸር ውድድር ነው ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው የሆነው። አበበ እ.ኤ.አ. በ1970 በዚያ ውድድር ላይ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። የሁለት ኦሎምፒክ ንጉሥ ቁጭ ብሎ ቀስት ሲወጥር አስቡት! በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ውድድር ላይ በእንግድነት ተጠርቶ ሄደ። እንግዳ ሆኖ መቀመጥ አልሆነለትም። በረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። በረዶ የማያውቅ የሸዋ ልጅ!

እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ኦሎምፒክ ላይ በዊልቸር ሲገባ ስታዲየሙ ተነስቶ አጨበጨበለት። ማራቶኑን ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሄዶ ጨበጠው። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር በአስር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ ነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱም ተገኝተዋል።

መሠረት ከደረቷ ያወጣችው ሥዕል

"ይሄ የድሮ ነው" ለምትሉ የቅርቡን ላስታውሳችሁ። ነሐሴ 4 ቀን 2004 ዓ.ም. ለንደን። የሴቶች 5 ሺህ ሜትር። መሠረት ደፋር ቪቪያን ቼሩዮትንና ጥሩነሽ ዲባባን ጥላ በ15 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ገባች። ከዚያ እጇን ወደ ማሊያዋ ሰዳ የእመቤታችንን ሥዕል አወጣች። ሳመችው፣ ለዓለም ሁሉ አሳየችው፣ አለቀሰች። ያን ማታ ያላለቀሰ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ሥዕሉን ሁላችንም እናስታውሳለን። የምንረሳው ከሥዕሉ በፊት ያሉትን ስምንት ዓመታት ነው። መሠረት አቴንስ ላይ በ1996 ዓ.ም. ወርቅ ስትወስድ ገና 20 ዓመቷ ነበር። ቤይጂንግ ላይ ወርቁ ሄደባት፣ ሦስተኛ ወጣች። በ2003 ዓ.ም. ዴጉ ላይ 10 ሺውን አቋርጣ ወጣች፣ በ5 ሺው እንደገና ሦስተኛ ሆነች። "መሠረትማ አበቃላት" ያልን ስንቶቻችን ነን! ለንደን ላይ ያለቀሰችው ያንን ሁሉ ተሸክማ ስለነበር ይመስለኛል። ሥዕል ከደረት የሚወጣው አንድ ቀን ነው። ደረት ውስጥ የሚቆየው ግን በየልምምዱ፣ በየሽንፈቱ ነው።

ስሙን ማን ሰጠው?

ወደ አደባባያችን ልመልሳችሁ። ሜክሲኮ አደባባይ ለምን ሜክሲኮ ተባለ? ጣሊያን አገራችንን ወርሮ ብዙዎቹ መንግሥታት "ያው ሆኗል" ብለው ወረራውን ሲቀበሉ፣ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። ስማችን ከካርታ ሊጠፋ ሲል ያልካደችን አገር ናት። ስለዚህ በስሟ አደባባይ ሰየምንላት። እነሱም ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በስማችን አደባባይና የባቡር ጣቢያ አላቸው። የጣቢያው ምልክት የአንበሳ ራስ ነው።

እንግዲህ ይህ አደባባይ ስሙን ያገኘው በተሸነፍን ጊዜ አብሮን ለቆመ ወዳጅ ነው። ይህንን ደግሞ ከኳስ ደጋፊ በላይ ማን ያውቃል? ዋንጫ ሲነሳ ሁሉም ጊዮርጊስ ነው፣ ሁሉም ቡና ነው። እውነተኛው ደጋፊ የሚለየው 3 ለ 0 ተመርተህ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ካታንጋ ላይ ቆሞ ሲዘምር ነው። እምነትም እንዲሁ ይመስለኛል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የየራሱን ቤት ያውቃል። አበበ ያሳየን ግን ይህንን ነው፤ አምላኩን በወርቅ ቀን ብቻ አልደገፈም።

ባለፈው ሳምንት ለጓደኛዬ ደወልኩና ይህንን ሁሉ እንደ ኮሜንታተር ሳላቋርጥ ለቀቅኩበት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"ዊልቸር ላይ ሆኖ አንደኛ ወጣ ነው ያልከኝ?"

"አዎ፣ በረዶ ላይ።"

"መሮጡንስ አልተመኘም?"

"ሳይመኝ ይቀራል? ግን አልመለሰለትም።"

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ "የሰፈር ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወታሉ አይደል? ዳኛ የላቸውም። ጉልበቴ ለመጫወት እምቢ ቢልም ፊሽካ ለመንፋት አያንስም" አለኝ።

ልደታ ገብተህ ትሳለማለህ ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም። ያ የእሱና የአምላኩ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሄድኩ። ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በግራ እግሩ ትንሽ እያነከሰ ሜዳው መሃል ቆሟል። አንዱ ልጅ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተና መሬት ላይ ተደፍቶ ማልቀስ ጀመረ። ጓደኛዬ እያነከሰ ሄዶ ክንዱን ይዞ አነሳው። ምን እንዳለው ከሩቅ ስለነበርኩ አልሰማሁም። ልጁ ግን አፍንጫውን በማሊያው ጠርጎ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ጨዋታውም ቀጠለ።

ከሜዳው ወጥተን በእግራችን ወደ ሜክሲኮ አዘገምን። እያነከሰ ስለሚሄድ ቀስ እንል ነበር። የማንም ቡድን ደጋፊ እየጨፈረ አላለፈንም። ሜክሲኮ ግን የዚያን ዕለት ቶሎ ደረሰችልን።